የማሞቂያው መርዶ

አምባቸው ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ከቆመ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ከክላርክስተን እስከ ፓይን ሌክ ባለው የአሜሪካ ሐበሻ ዘንድ ይህን የማያውቅ የለም። ቀን ቀን ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ፣ ሲበላም ሲነዳም የሚቀልድ ሰው ነው፤ ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ በማለዳ ከመጣ ግን ከአገር ቤት መጀመሪያ የተደወለው ለእሱ ነው፣ እሱም ሌሊቱን ሽማግሌ ሲሰበስብ አድሯል። ስለዚህ ወይንሸት በዚያ የጥር ቅዳሜ ጋቢዋን ደርባ በሩን ስትከፍት፣ አምባቸውን፣ ከአጠገቡ መስቀላቸውን የያዙትን ቄስ ፍቅረማርያምን፣ ከኋላቸው ደግሞ የታሸገ ውሃ ያቀፈችውን ጎረቤቷን ቲጂን ስታይ፣ እስኪናገሩ አልጠበቀችም። አገር ቤት የቀራት አንድ ወንድሟ ነው፤ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ «ነቢዩን! ወንድሜን!» ብላ እዚያው ደፉ ላይ ዘፍ አለች።

ባሏ ብርሃኑ ጩኸቱን የሰማው መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሊላጭ ፊቱን አረፋ ቀብቶ ሳለ ነው። ቤቱ ማሞቂያ ካጣ ቀናት ሆነውታል። ወይንሸት የምታውቀው «ዕቃ ታዟል፣ እየመጣ ነው» የሚለውን ብቻ ነበር። እውነቱ ግን በጋዝ የሚሠራው የድሮው ፈርነስ ሆዱ ተሰንጥቆ መርዘኛ ጋዝ ወደ ቤት ሊለቅ ይችላል ተብሎ ተዘግቷል። በማግስቱ አንድ ሻጭ መጣ። ሶፋው ላይ ግማሽ ቀን ተቀመጠ፤ ወይንሸት ሥራ ስለነበረች ብርሃኑ ራሱ ያሞቀለትን ምሳ በላ፤ ደገመም። ከዚያ ጋዝ የማያነድ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሂት ፓምፕ የሚባል ማሞቂያ እንዲያስገባ አስፈረመው። ብርሃኑ ማዕዱን የቆረሰን ሰው እምቢ ማለት አልሆነለትም፤ ፊርማውም ቢሆን ፊርማ አይመስልም፣ ታብሌት ላይ በጣት ጫር ማድረግ ነው። ዋጋው አስራ ሰባት ሺህ አራት መቶ ዶላር። ይህን የሚያህል ገንዘብ በዚህ ቤት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ወይንሸት ኪችኗን ልታሳድስበት፣ ከምትሠራበት የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም የማታ ተራ እየቆጠበች ለዓመታት ያጠራቀመችው ሂሳብ ውስጥ። ኮንትራቱን ካንስል ማድረግ የሚቻለው እስከዚህ ቅዳሜ ነው። ዛሬ ካለፈ አለቀ።

ስለዚህ ዛሬ መናገር ነበረበት፤ ብቻውን ግን ወኔው ከዳው። ትናንት ዲኬተር ሄዶ ነዳጅ ሲቀዳ አምባቸውን አገኘና ጉዳዩን አጫወተው። «ነገ ጠዋት ብቅ በልና አጠገቤ ሁን፤ ሰው ካለ አትጮኽብኝም» አለው። አምባቸው ዋጋውን ሲሰማ ኮፍያውን አወለቀ። «ይሄማ እንዲሁ አይነገርም። ደንብ አለው። ለእኔ ተወው» አለ። ብርሃኑ ጠዋት ሲል ከቁርስ በኋላ ማለቱ ነበር። አምባቸው ግን ከባድ ወሬ የሚነግርበት አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው፦ በማለዳ፣ ከቄስ ጋር፣ ደግፋ የምትይዝ አንዲት ሴት ጨምሮ። ለሴቲቱ ደግሞ ጉዳዩ ቀድሞ አይነገራትም፤ መኪና ውስጥ ማልቀስ ትጀምራለችና።

ቲጂ ምንም ሳታውቅ የመጣችው ለዚህ ነው። ወይንሸት «ነቢዩን!» ስትል ሟቹን አወቀችና ውሃውን መሬት ጥላ «ነቢዩን! ያንን የመሰለ ልጅ!» ብላ ደረቷን መታች። ነቢዩን በአካል አይታው አታውቅም። አምባቸው ወይንሸትን ብብቷ ሥር ገብቶ ወደ ሳሎን እያስገባ «ቆይ፣ መጀመሪያ ጸሎት ይደረግ፤ ከዚያ ይነገራል» ይላል። ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «በስመ አብ» ጀምረዋል። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሽማግሌ አሜሪካዊ የበረንዳቸውን መብራት አብርተው በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው ቆመዋል። በዚህ መሀል ነው ብርሃኑ ከነአረፋው ከኮሪደሩ ብቅ ያለው።

«ማንም አልሞተም!» አለ። «ፈርነሱ ነው!»

ወይንሸት ቀና ብላ አየችው። «ማን?»

«ማሞቂያው። ማሞቂያው ነው። ነቢዩ ደህና ነው።»

ቄሱ ጸሎቱን አቋረጡ፤ ቲጂ ግን፣ የጀመረችውን ወዲያው ማቆም ስላልቻለች፣ ትንሽ አለቀሰች። ወይንሸት ምንጣፉ ላይ ተደፍታ መሬት ሳመች፤ ተነሥታ የቄሱን መስቀል ሳመች፤ ቲጂን ሳመች፤ የአምባቸውን ግንባር ሁሉ ሳመች። እንባዋን በጋቢዋ ጠርጋ ስትጨርስ ግን ሦስቱን እንግዶች አንድ በአንድ ተመለከተችና «ታዲያ ይሄን ሁሉ ሆናችሁ ምን ልትነግሩኝ መጣችሁ?» አለች። አምባቸው ይህን ሲጠብቅ ነበር። ሶፋው ላይ አስቀመጣት፤ ቲጂን በቀኝ፣ ቄሱን በግራ አደረገ፤ እጇን ያዘ። «ወይንሸት፣ አንቺ ጠንካራ ሴት ነሽ። ገንዘብ አላፊ ነው። ዛሬ አለ፣ ነገ የለም…» ሲል «ስንት ነው?» ብላ አቋረጠችው። አምባቸው ወደ ብርሃኑ ዞረ። ብርሃኑ ነገራት። «ከየት የሚከፈል?» አለች። «ከ… ከኪችኑ» አለ፤ አረፋው አገጩ ላይ ደርቆ ነበር።

ጩኸቱን ተዘጋጅቶ ጠብቆ ነበር፤ አልመጣም። ወይንሸት እጇን ከአምባቸው እጅ ቀስ ብላ አወጣች፣ ተነሣች፣ ለእንግዶቹ ሻይ ልትጥድ ወደ ኪችኗ ገባች። ብርሃኑ ተከትሏት ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። ከግድግዳው የተያያዘው ጠረጴዛ ላይ የተለበጠው ልባስ ጫፉ ከተነሣ ቆይቷል፤ እሷ በላስቲክ ፕላስተር ለጥፋዋለች። ሁለተኛው መሳቢያ ሲሳብ እጀታው እጅ ላይ ይቀራል። መስኮቱ ሥር ለአዲሱ ኪችን ብላ ከኖርክሮስ ድንጋይ ሻጭ የተሰጣት የእጅ መዳፍ የምታህል ግራጫ የድንጋይ ናሙና አለች፤ አንዳንዴ ሰሃን ስታጥብ እሷንም አብራ ታጥባታለች። «ወይኒ» አላት። ማንቆርቆሪያውን ጣደች። «ወይኒዬ፣ ዛሬ እኮ ካንስል ይደረጋል። አንቺ በይ ብቻ።» ስኳሩን አንሥታ በአጠገቡ አልፋ ሄደች፤ ልክ በር እንደምታልፍ።

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፣ ቲጂ ባትኖር ኖሮ። ቲጂ መጀመሪያ የመጣላት እንባ ቢሆንም ሁለተኛው ስልኳ ነው፤ ገና ጸሎቱ ሳያልቅ በአንድ እጇ ወይንሸትን ደግፋ በሌላው ለሐበሻ ሴቶቹ የስልክ ግሩፕ «የወይንሸት ወንድም ነቢዩ አረፈ፤ እቤቷ ነን» ብላ ጽፋለች። ቆይታ «ይቅርታ፣ አልሞተም፣ ማሞቂያ ነው» ብላ ማረሚያ ላከች፤ ግን ከመጀመሪያው መልእክት ሥር የ«ነፍስ ይማር» መዓት ተደርድሮ ስለነበር ማረሚያው ድረስ ወርዶ ያነበበ ሰው አልተገኘም። ፀሐይ ሳትሞቅ የመጀመሪያው መኪና ሣሩ ላይ ፓርክ አደረገ። ከዚያ ሁለተኛው። የዕድሩ ታጣፊ ወንበሮች በፒክአፕ መጡ። ለስላሳ መጠጥ በካርቶን፣ ውሃ በካርቶን፣ የተጠበሰ ዶሮ በሳጥን፣ አንዲት ሴትዮ ደግሞ ትልቅ ድስት ሙሉ ንፍሮ ይዛ ደረሰች፤ ስንዴውና ሽምብራው ገና ይተናል፤ መቼ ቀቅላ እንዳደረሰችው የሚያውቅ የለም።

ብርሃኑ በሩ ላይ ቆሞ ያንኑ ቃል ሲደጋግም ዋለ። «ማንም አልሞተም። እግዚአብሔር ይስጥልን። ማሞቂያው ነው።» ሰዉ ያዘነውን ፊቱን ወዲያው ማስተካከል ይቸግረዋል። አንዳንዱ «ነፍስ ይማር» ብሎ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚሰማው። ግን የተመለሰ አልነበረም። ድስት ተይዞ ከበር አይመለስም፤ ከዚያም በላይ ሁሉም አንድ ነገር ማወቅ ፈለገ። «ስንት አሉህ?» ይላሉ። ይነግራቸዋል። ያኔ በእውነት ያዝናሉ። አንድ ሽማግሌ ዋጋውን ሲሰሙ «በሉ እንግዲህ፣ አምላክ ያጽናችሁ» ብለው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

ሳሎኑ ውስጥ ወንዶቹ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው፣ ንፍሮ እየቆረጠሙ፣ ብርሃኑ እንዴት እንደተበላ ያወራሉ። ሁሉም ርካሽ የሚሠራ ሰው ያውቃል። ኤሲ እየጠገነ የሚኖረው ኢዮሲያስ «በስምንት ሺህ የሚገጥም ልጅ አለ፣ እጁ ወርቅ ነው» ይላል። «ላይሰንስ አለው?» ሲሉት «ላይሰንሱን ተወው፣ እጁን ነው የምልህ» ይላል። አንዱ ደግሞ ጭራሽ ሂት ፓምፕ የሚባል ነገር ማጭበርበሪያ ነው ብሎ ተነሣ። «ጋዝ የለም፣ እሳት የለም። ከውጭ ሙቀት ያስገባል ነው የሚሉት። ውጭ እኮ በረዶ ነው! የትኛውን ሙቀት ነው የሚያስገባው?» ኢዮሲያስ በትዕግሥት «ፍሪጅህን አስበው። ሆዱ ይቀዘቅዛል፣ ጀርባው ይሞቃል፣ አይደል? እሱን ገልብጠው» አለ። ሰውየው አሰበ። «እና ለብርሃኑ በአስራ ሰባት ሺህ የተገለበጠ ፍሪጅ ነው የሸጡለት?» ሳቁ ኪችን ድረስ ተሰማ። ብርሃኑም ሳቀ፤ ወዲያው ወይንሸት ብርጭቆ ይዛ ስትገባ አፉን ገጠመ። ለሁሉም ሻይ አደለች። እሱ ጋ ስትደርስ ብርጭቆውን ለአምባቸው ሰጥታ «ለእሱ አቀብለው» አለች፤ ብርሃኑ ግን እጁ ሊደርስባት በሚችል ርቀት ላይ ነበር።

ልጃቸው ሄርሜላ ከምትኖርበት ሚድታውን ስትደርስ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ማስካራዋ ጉንጯ ላይ ፈስሶ ነበር። በር ላይ አባቷ «ማሚቱ፣ አጎትሽ ደህና ነው» ሲላት ቦርሳዋን ጣለችው። «ዳዲ፣ ሲሪየስሊ? አራት ሰው ደውሎልኛል! ቦሴ የሐዘን ፈቃድ ሰጥቶኛል። ላይክ፣ አበባ ልኮልኛል፣ ኦኬ? አበባው ወደዚህ ቤት እየመጣ ነው!» አበባውም መጣ፤ ነጭ ጽጌረዳ፣ ከካርድ ጋር። የት እንደሚቀመጥ ግራ ስለገባቸው ቲጂ ወስዳ በተዘጋው ፈርነስ በር ፊት አቆመችው፤ ከዚያ በኋላ መታጠቢያ ቤት የሚሄድ ሁሉ እዚያ ሲደርስ እርምጃውን ይቀንስ ነበር።

ከቀትር በኋላ ወይንሸት ስልኳን አወጣች። የሰው ሁሉ «ደህና ነው» አልበቃትም ነበር። ነቢዩ ሐዋሳ ነው የሚኖረው። ቆይቶ አነሣው፤ ስፒከር ላይ አደረገችው፤ የቤቱ ጫጫታ ወደ ስልኩ ሲገባ ሰማ።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ሰው? ማን ሞቶ ነው?»

«አንተ» አለችው።

ነቢዩ ቀበል አድርጎ፣ «መቼ?»

ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ። ወይንሸት እንባና ሳቅ እየተናነቃት ሁሉንም ነገረችው፤ ዋጋው ላይ ስትደርስ ግን ሳቁ ወደ ነቢዩ በኩል አልተሻገረም። ወደ ብር ሲመታው ከሁለት ሚሊዮን አለፈበት። «ኧረ በማርያም! ወይኒዬ፣ ለማሞቂያ? እኔ ልሙትላችሁ! ገንዘቡን ለእኔ ላኩትና ለእያንዳንዳችሁ አሥር አሥር ጋቢ እልክላችኋለሁ!» ብሎ ጮኸ። ከወንዶቹ መካከል «ሰውየው ልክ ነው» ያለ ነበር። እዚያ ላይ ነው ቲጂ ፊቷን በእጇ እያራገበች «ኧረ ሞቀን፣ መስኮት ክፈቱልን» ያለችው። ብርሃኑ ዙሪያውን አየ። ካፖርት የለበሰ አልቀረም። ማሞቂያ በሌለው ቤት፣ በጥር፣ ሁለት መስኮት ተከፈተ።

አመሻሹ ላይ ግን ሰው ሄደ። ልቅሶም ሆነ ሌላ፣ መጨረሻው ያው ነው፤ በሩ ላይ ረጅም ስንብት፣ የተረሳ ክዳን፣ የተሳሳተ ጫማ። አምባቸው ሲወጣ ብርሃኑን ጠጋ ብሎ «አየህ? አልጮኸችብህም። በደንብ የተነገረ መርዶ እንዲህ ነው» አለውና ረክቶ ሄደ። ብርዱ ከግድግዳዎቹ ተመልሶ ወጣ። መጨረሻ የቀሩት ቄስ ፍቅረማርያም ኪችን ውስጥ የቀረችውን ንፍሮ እየጨረሱ ነበር። ወይንሸት ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጠዋት በሩን ስከፍት፣ ከመጮኼ በፊት፣ ተስዬ ነበር።»

«ምን ብለሽ?»

«‹ቅዱስ ሚካኤል፣ ነቢዩን ተውልኝና ኪችኔን ውሰድ› ብዬ።»

ቄሱ ማኘካቸውን አቆሙ። ብርሃኑ ሰሃን ሊያጥብ የከፈተውን ውሃ ዘጋው።

«ለቤተ ክርስቲያን ብለሽ ነው የተሳልሽው?»

«ማሰቢያ ጊዜ መች ነበረኝ? እንዲሁ ውሰድ አልኩት። ሌላ ምን አለኝ?»

«ልጄ» አሉ ቄሱ፣ «ወንድምሽ እኮ መጀመሪያውኑ አልሞተም። ሚካኤል ያልሠራበትን አያስከፍልም።»

«ልክ እንደ ኮንትራቱ፣ ካንስል ይደረጋል ማለት ነው» አለች ሄርሜላ ከስልኳ ቀና ብላ።

«እሱ አያስከፍል ይሆናል» አለች ወይንሸት። «እኔ ግን ወንድሜን ሰጥቶኝ ሳበቃ ‹ቀልዴን ነው› አልለውም። ለአባትሽ ንገሪው፣ ሄርሚ። አይሰረዝም። ኪችኑን ሰጥቻለሁ።»

ቄሱ ከዚህ በላይ አልተከራከሩም፤ የሚካኤልን ጉዳይ ለባለቤቱ ትተው፣ ቤቱን ባርከው ወጡ። ብርሃኑ እጁ ላይ ሳሙናው እንዳለ ቆሞ ቀረ። ቀኑን ሙሉ የፈለገው ይህ ነበር፤ ይቅርታ ወይም ፍርድ፣ አንዱን። አሁን ግን ፍርዱ ሲመጣ አልተመቸውም። ብትጮኽበት፣ ብትሰድበው፣ አባት እናቱን እያነሣች ብትረግመው ይቀለው ነበር። በነጻ እየሰጠችው ነው፤ በነጻ የተሰጠ ነገር ደግሞ በዚህ ቤት ስንት ዓመት እንደሚከፈል ያውቃል። በየክረምቱ ያ ሂት ፓምፕ ውጭ ጓሮ ላይ እያጓራ፣ እሷ እዚህ ፕላስተር ስትለጥፍ፣ ሁለቱ ሲተያዩ ታየው።

«ኧረ ይሰረዝ!» አለ። «ሄርሚ፣ ካንስል አድርጊው። ኢዮሲያስ ያለውን ልጅ እንጠይቃለን። ባለ ወርቅ እጁን።»

«ላይሰንስ የሌለውን? ዳዲ፣ ኖ።» ሄርሜላ ኮንትራቱን በጣቷ ወደ ላይ እየገፋች ታነብ ነበር። «አንተ ይሄን አንብበኸዋል? ዋጋው ይሄ የሆነው ቤቱ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል ተብሎ ነው። ዲስካውንት አለበት። ጋዙን ከውጭ ከቆጣሪው ጀምሮ ይዘጉታል።»

«ይዝጉት። ጋዝ ምን ይሠራልናል?»

«ምድጃው?» አለች ሄርሜላ።

ሦስቱም ምድጃውን አዩት። በጋዝ ነው የሚሠራው። ቤቱን ሲገዙ ከጠረጴዛው ጋር ተገጥሞ የገባ፣ ከግራም ከቀኝም ልባሱ የተጫነው አሮጌ ምድጃ ነው፤ ወይንሸት ከኋላው ወድቆ የቀረ ማንኪያ ለማውጣት ስንቴ ሞክራ አልተነቃነቀላትም።

«ጋዝ ከሌለ ምድጃው በኤሌክትሪክ መቀየር አለበት» አለች ሄርሜላ። «እና እሱን ለማውጣት… ላይክ፣ ካውንተሩ፣ ይሄ ጠረጴዛ፣ መቆረጥ አለበት።»

ወይንሸት ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። የተነሣውን ጫፍ በአንድ ጣቷ ነካችው። ፕላስተሩ ተላቀቀ፤ ከሥሩ የእንጨት ብናኝ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ይሄ ሲቆረጥ ይቆማል?» አለች።

«ማሚ፣ ይሄ ሲነካም አይቆምም።»

«መሳቢያዎቹስ? ጠረጴዛው ከተነሣ በምን ላይ ይቆማሉ?»

ወይንሸት ቀስ ብላ ቀና አለች፤ ወደ ጣሪያው ተመለከተች፤ ፊቷ በርቶ ነበር። «ሚካኤል!» አለች። «ኪችኔን ሰጠሁት፣ መለሰልኝ!» እልልታዋ ከመንገድ ማዶ ድረስ ተሰማ፤ የሽማግሌው በረንዳ መብራት እንደገና በራ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ብርሃኑ። «በምን ገንዘብ? ገንዘቡ እኮ ማሞቂያው ጋ ነው!» የሰማው አልነበረም። ወይንሸት እጀታው የሚወልቀውን መሳቢያ በሁለት እጇ ጎትታ ከፈተች፣ እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ውስጡን አተራምሳ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣች። አንዱን ጫፍ በግድግዳው ማዕዘን ላይ አድርጋ ሌላውን ዘረጋችው። ሜትሩ አጠረባት።

«ብርሃኑ» አለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ለእሱ የወጣ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። «ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

ሄዶ ያዘው።

«ዳዲ» አለች ሄርሜላ ስልኩን ይዛ፣ «ቀኑ እያለቀ ነው። ካንስል ላድርገው ወይስ አላድርገው?»

«ቆይ አንዴ» አለ ብርሃኑ ጎንበስ ብሎ፣ «ጫፍ ይዣለሁ።»